ከጉቶው የሚያቆጠቁጠው ባሕር ዛፍ

እንጦጦን ከሩቅ ለሚያይ ሰው ጫካው ከጥንት የነበረ ይመስላል። ግን አይደለም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በዙሪያዋ የነበረው ጽድና ወይራ ብዙ አልቆየም። የቤቱም የማገዶውም እንጨት የሚቆረጠው ከዚያው ነበር። ዓመታት ሲያልፉ እንጨት ጠፋ። ድሮ እንጨት ሲያልቅ ከተማው ተነሥቶ ወደ ሌላ ጫካ ይሄድ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክም በስተ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው አዲስ ዓለምን መሥራት ጀምረው ነበር።

ከተማዋ ባለችበት እንድትቀር ትልቅ ድርሻ የነበረው አንድ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው። በ1887 ዓ.ም. ገደማ ገባ። ከባሕር ማዶ ስለመጣም ባሕር ዛፍ ተባለ። በደጋው ነጩ ይበዛል፣ ወረድ ባለው አገር ደግሞ ቀዩ።

ትልቁ ሀብቱ ጉቶው ነው። ጽድ አንዴ ከተቆረጠ አለቀ፤ ሌላ መትከልና ለብዙ ዓመታት መጠበቅ ነው። ባሕር ዛፍ ግን ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ብዙ ቀንበጥ ያወጣል። ገበሬው ጠንካራ ጠንካራውን ሁለት ሦስት ትቶ ሌላውን ይመለምላል። ሥሩ ቀድሞ መሬት ስለያዘ አዲሱ ግንድ ቶሎ ይመዘዛል። እንዲህ እያለ አንዱ ጉቶ ደጋግሞ ይቆረጣል። ከብትም ፍየልም ቅጠሉን ስለማይወደው አጥር ላይፈልግ ይችላል። ለብዙ ገበሬ ባሕር ዛፍ የቆመ ገንዘብ ነው። ልጅ ሲዳር ወይም ሰው ሲታመም ተቆርጦ ይሸጣል።

የማይውልበት ቦታ የለም። የጭቃ ቤት ቋሚውም ማገሩም እሱ ነው። በከተማው ፎቅ ሲሠራ ሠራተኛው ሲወጣበት የኖረው አጣናም እንዲሁ። ጉንፋን የያዘው ሰው ቅጠሉን አፍልቶ ይታጠንበታል። እንጀራም በደረቅ ቅጠሉ ይጋገራል። ይህን ሲያነሡ ከእንጦጦ ጎንበስ ብለው የማገዶ ሸክም ሲያወርዱ የኖሩትን እናቶች መርሳት ነውር ነው። የከተማው ምድጃ ሲነድ የኖረው በእነሱ ጀርባ ነው።

ጉዳቱም እውነት ነው። ውኃ በብዛት ይጠጣል። ስለዚህ ምንጭ ዳር መትከል ስሕተት ነው። እርሻ አጠገብ ከሆነ ሰብሉ ይቀጭጫል። የወደቀው ቅጠል ለማገዶ ተጠርጎ ሲወሰድ ደግሞ የተራራው አፈር ራቁቱን ይቀርና በጎርፍ ይታጠባል። ለእኔ ጥፋቱ የዛፉ ሳይሆን የቦታ አመራረጡ ነው። ባሕር ዛፍ ለማገዶና ለአጣና፣ ምንጩና ገደሉ ደግሞ ለወይራ፣ ለኮሶና ለዝግባ ቢተው ሁሉም በየቦታው ይጠቅማል።

አሁን እንጦጦ ላይ አገር በቀል ዛፎችን የመመለስ ሥራ አለ። ሥራው ግን በመጥረቢያ ብቻ አያልቅም። ጉቶው ካልተነቀለ ከክረምት በኋላ እንደገና ያቆጠቁጣል።