አስቀድሞ የሚጻፍ የሞት ጥያቄ፦ የኩቤክ ሕግ

ኑዛዜ የሚፈጸመው ባለቤቱ ከሞተ በኋላ ነው። በካናዳዋ ኩቤክ ግን ባለቤቱ በሕይወት እያለ የሚፈጸም ጽሑፍ በሕግ ተፈቅዷል። በሚፈጸምበት ጊዜ መጻፉን እንኳ ላያስታውስ ይችላል። ይህ በሕክምና ለሚታገዝ ሞት፣ ማለትም ታማሚው በራሱ ጥያቄ በሕክምና ባለሙያ እጅ ሕይወቱ እንዲያልፍ፣ አስቀድሞ የሚቀርብ ጥያቄ ነው። ሥራ ላይ የዋለው ኦክቶበር 30 ቀን 2024 ነው (ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በአብዛኛው የሚነሳው ከአልዛይመርና ከመሰል የመርሳት በሽታዎች ጋር ነው።

ካናዳ እዚህ የደረሰችው ቀስ በቀስ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2015 ካርተር በተባለው መዝገብ በእንዲህ ያለ ሞት ላይ የነበረውን ሙሉ ክልከላ ሻረ፤ በ2016 ፓርላማው ሕግ አወጣ። ያ ሕግ ታማሚው በመጨረሻዋ ሰዓት ራሱ እንደገና እንዲስማማ ያስገድድ ነበር። የሃሊፋክሷ ኦድሪ ፓርከር የተቸገረችው እዚህ ላይ ነው። ካንሰሯ ተሰራጭቶ ስለነበር ያቺን የመጨረሻ "እሺ" ማለት ያቅተኛል ብላ ፈራች። ገናን ማየት ትመኝ ነበር። ኖቬምበር 1 ቀን 2018፣ ከፈለገችው ቀድማ ሞተች። የእሷን ታሪክ ሳስብ ሆዴ ይባባል። በ2021 ሕጉ ተሻሻለ። ማሻሻያው ግን የሚጠቅመው ሞቱ ለተቃረበ፣ ተመርምሮ ለተፈቀደለትና ቀን ለቆረጠ ሰው ብቻ ነው። ገና የመርሳት በሽታ አለብህ የተባለ ሰው አይገባበትም።

ኩቤክ በጁን 2023 ያጸደቀችው ሕግ ለእነዚህ ሰዎች በር ከፈተ። ጠያቂው ለአካለ መጠን የደረሰ፣ ሕመሙ በሐኪም የታወቀና ለመወሰን አቅም ያለው መሆን አለበት። በሐኪም ወይም በልዩ ነርስ እየታገዘ፣ የትኞቹ የሕመም ምልክቶች ሲታዩ ጥያቄው እንዲፈጸምለት እንደሚፈልግ በዝርዝር ይጽፋል። ለምሳሌ ልጆቹን መለየት ሲያቅተው ሊል ይችላል። ጽሑፉ በኖታሪ (ሰነድ በሚያረጋግጥ የሕግ ባለሙያ) ወይም በሁለት ምስክሮች ፊት ተፈርሞ ይመዘገባል። አንድ ወይም ሁለት የአደራ ሰዎችም መሰየም ይችላል። እነሱ ጊዜው የደረሰ ሲመስላቸው ለሐኪም ያሳውቃሉ እንጂ አይወስኑም።

ትልቁ ጥያቄ እዚህ አለ። ጥያቄውን የጻፈች አንዲት እናት መርሳትን ፈርታ ነበር እንበል። ዛሬ ግን ረስታ፣ ፀሐይ እየሞቀች ፈገግ ብላ ብትገኝስ? በጥያቄው ላይ የተጻፈው ምልክት መታየቱ ብቻውን አይበቃም ይላል ሕጉ። ሊታገሡት የማይቻልና የማያቋርጥ ሥቃይ መኖሩን ባለሙያው በዓይኑ ማየት አለበት። ሁለተኛ ባለሙያም መስማማት አለበት። ታማሚዋ እንቢታ ካሳየች ይከበርላታል። ለእኔ የሕጉ ጥንካሬ ይሄ ነው። ኔዘርላንድስ በ2002 በጀመረው ሕጓ ተመሳሳይ ጽሑፍ ትቀበላለች። እዚያ አንዲት ሐኪም ለ74 ዓመት ታማሚ ቡና ውስጥ ማስታገሻ ጨምራ ሞቱን ስለፈጸመች ተከሳለች። በ2020 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነጻ መለቀቋን አጸና። ቤልጂየም ደግሞ ጽሑፉን የምትቀበለው ሰውየው ላይመለስ ራሱን ከሳተ ብቻ ነው።

አንድ ያልተፈታ ነገር አለ። በካናዳ ጤና የክፍለ ሀገር፣ የወንጀል ሕግ ደግሞ የፌዴራል ጉዳይ ነው። ኩቤክ ሕጓን ሥራ ላይ ስታውል የወንጀል ሕጉ አልተቀየረም ነበር። ስለዚህ የራሷ ዐቃቤ ሕጎች ደንቡን ተከትለው የሠሩ ሐኪሞችን እንዳይከሱ መመሪያ ወጣ። በኩቤኳ ጋቲኖ ከተማ ያለ ታማሚ ይህን ጥያቄ ማስመዝገብ ይችላል። ወንዙን ተሻግሮ ኦታዋ የሚኖር፣ ያው ሕመም ያለበት ጎረቤቱ ግን ክፍለ ሀገሩ ኦንታሪዮ ስለሆነ ይህ መንገድ አልተከፈተለትም።