«ዝም ብለሽ ጠብቂ»፦ ስለ ትዕግሥት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሐዋሳ ውስጥ ባጃጅ የተሳፈረ ሰው ስብከት አያጣም። «ሁሉም በጊዜው ይሆናል» ዓይነት ጥቅስ ከሹፌሩ ጀርባ ተለጥፎ ይጠብቀዋል። ጥቅሱ ክፋት የለውም። ችግሩ የሚመጣው ሥራ ላጣ ወይም ልጅ ለዘገየባት ሰው ምክር አድርገን ስንወረውረው ነው።

«የታገሠ አያማርርም፤ ኢዮብን እይ!»

ኢዮብን ካየን አይቀር ደህና አድርገን እንየው። ከዝምታው በኋላ አፉን ሲከፍት የተወለደባትን ቀን ረገመ (ምዕራፍ 3)። ከዚያ ወዲያ መጽሐፉ በአብዛኛው ሙግት ነው። እግዚአብሔር ኢዮብንም ገሥጾታል። «ቁጣዬ ነድዷል» ያለው ግን ሊያጽናኑት በመጡት ወዳጆቹ ላይ ነው (42፥7)። ለሁሉም ነገር መልስ ነበራቸዋ! የያዕቆብ መልእክት ደግሞ ይህንኑ ተሟጋች የትዕግሥት ምሳሌ አድርጎ ይጠቅሰዋል (5፥11)። እኛ ጋ አንዲት ሴት ቡና ላይ «በቃ፣ ደከመኝ» ካለች አቦሉ ሳያልቅ የጥቅስ መዓት ይወርድባታል። ዳዊት ራሱ «እስከ መቼ ትረሳኛለህ?» እያለ ጸልዮ የለም እንዴ?

«መጠበቅ ማለት እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ነው»

ኤርምያስ 29፥11 በየሳሎኑ ተሰቅሏል። «ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ» የሚለው ነው። ከላዩ ያለውን ቁጥር 10 ግን የሚሰቅል የለም፤ 70 ዓመት ትቆያላችሁ ይላል። ደብዳቤው የተጻፈው ባቢሎን ለተማረኩ ሰዎች ነው። እስከዚያው ምን አድርጉ አላቸው? ቤት ሥሩ፣ ትከሉ፣ አግቡ፣ ውለዱ። ስለዚህ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሞ ክፍት የሥራ ቦታ በስልኩ ፎቶ የሚያነሳ ተመራቂ እምነት አልጎደለውም።

ሕክምናም እንዲሁ ነው። «ሐኪም ጋ ሄድሽ? አታምኚም ማለት ነው?» የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። ሕዝቅያስ ሲታመም እግዚአብሔር እንደሚፈውሰውና 15 ዓመት እንደሚጨምርለት ነግሮት ነበር። ኢሳይያስ ግን የበለስ ጥፍጥፍ አስመጥቶ ቁስሉ ላይ እንዲደረግ አዘዘ (2 ነገሥት 20)።

«የታገሠ የጠየቀውን ያገኛል»

ሁልጊዜ አይደለም። ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲነሳለት 3 ጊዜ ለመነ። መልሱ «ጸጋዬ ይበቃሃል» ሆነ፤ መውጊያው ተነሳለት የሚል ቃል ግን የለም። ስለዚህ «በዚህ ዓመት ታገቢያለሽ» እያሉ በእግዚአብሔር ስም ቀጠሮ መስጠት ድፍረት ነው።

«የዘገየብሽ እምነትሽ ስለጎደለ ነው»

ዘካርያስና ኤልሳቤጥ ልጅ ሳይወልዱ አርጅተው ነበር። ሉቃስ በምዕራፍ 1 ቁጥር 6 ሁለቱም ጻድቃንና ያለ ነቀፋ የሚሄዱ እንደነበሩ ይጽፋል። መካንነቷን የሚያነሳው ከዚያ ቀጥሎ በቁጥር 7 ነው።