የተያዘችን ንግሥት ጉንዳን ዝርያ መለየት

ከዝናብ በኋላ ክንፏን ጥላ መሬት ለመሬት የምትሄድ ትልቅ ጉንዳን ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የምን ዝርያ ናት?» ብሎ ነው። ሳይንስ ስም የሰጣቸው የጉንዳን ዝርያዎች ከ14,000 በላይ ስለሆኑ፣ ፍለጋው ከሰፊው ወደ ጠባቡ ይወርዳል፤ ንዑስ አስተኔ (የተቀራረቡ ወገኖች ስብስብ)፣ ከዚያ ወገን (የተቀራረቡ ዝርያዎች ስብስብ)፣ መጨረሻ ላይ ዝርያ።

በቅድሚያ ግን የተያዘችው በእርግጥ ጉንዳን፣ ያውም ንግሥት መሆኗ ይጣራል። «እንደ አሸን ፈላ» የሚባልለት አሸን ብዙውን ጊዜ ክንፍ ያወጣ ምስጥ ነው። ምስጥ ወገቡ ወፍራም፣ አንቴናው ቀጥ ያለ ነው፤ አራቱም ክንፎቹ እኩል ናቸው። የጉንዳን ወገብ ቀጭን ነው፤ አንቴናዋ እንደ ክርን ይታጠፋል፤ የፊት ክንፎቿም ከኋለኞቹ ይረዝማሉ። ንግሥትን ከሠራተኛ የሚለያት ደግሞ ደረቷ ነው። የበረራ ጡንቻ የያዘ ስለሆነ ወፍሮ ይጎብጣል፤ ክንፎቿ የረገፉበትም ጠባሳ ግራና ቀኝ ይታያል። ጭንቅላቷ ትልቅ በመሆኑ ብቻ ንግሥት እየተባለች የምትያዝ ሠራተኛ ጥቂት አይደለችም።

ቀጥሎ ወገቧ ይታያል። ንግሥቲቱ በተቀመጠችበት ትንሽ ቱቦ ውስጥ እንዳለች ጥቂት ደቂቃ ፍሪጅ ብትቆይ ትደነዝዛለች፤ ያኔ ከጎን፣ ከላይና ፊት ለፊት፣ አጠገቧ ማስመሪያ አድርጎ ፎቶ ማንሳት ይቻላል። ከሦስቱ ብዙ የሚናገረው የጎኑ ፎቶ ነው። በደረትና በሆድ መካከል አንድ ጉብታ ብቻ ካለ ነገሩ ወደ ካምፖኖተስ፣ ላሲየስና መሰሎቻቸው ሊያመራ ይችላል፤ እነዚህ መንደፊያ የላቸውም፣ አሲድ ነው የሚረጩት። ሁለት ጉብታ ከሆነ እንደ ሜሶር፣ ፌዶሌና ሶሌኖፕሲስ ያሉት ወገኖች ይታሰባሉ። ከዚያ የአንቴና አንጓ ይቆጠራል፤ የሶሌኖፕሲስ ንግሥት 10 ወይም 11 ነው፣ ጫፉ ላይ ያሉት ሁለቱም ወፈር ይላሉ። ለዚህ ጥሩ አጉሊ መነጽር ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚጀምረው ከቀለም ነው፤ ቀለም ግን ከሁሉም ምልክቶች ያነሰ እምነት የሚጣልበት ነው።

የተያዘችበት ቦታ፣ ቀንና ሰዓት ግማሹን ግምት ያቃልላል። የኬንያው ጉዳይ ይህን በደንብ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2025 ሁለት ወጣት ቤልጂየማውያን ናይቫሻ ውስጥ 5,000 ያህል ንግሥት ጉንዳኖችን ጥጥ በተወተፈባቸው ቱቦዎች ይዘው ተገኙ፤ ፍርድ ቤትም እያንዳንዳቸውን አንድ ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ ቀጣቸው። ከተያዙት መካከል የምሥራቅ አፍሪካዋ ትልቅ ዘር ለቃሚ ጉንዳን ሜሶር ሴፋሎተስ ትገኝበታለች። ሁለት ጉብታ፣ ከ2 ሴንቲ ሜትር ያለፈ አካል፣ የኬንያ ሣር ምድር፤ እዚህ ላይ ስሙ ብዙ አያከራክርም። ያው ቱቦ የመጣበት አገር ሳይጻፍበት አውሮፓ ቢደርስ ግን ሥራው ከባድ ይሆን ነበር።

የዝርያ ስም ለአያያዝም ወሳኝ ነው። የላሲየስ ኒጀር ንግሥት ምግብ ሳትቀምስ፣ የበረራ ጡንቻዋን እያቀለጠች የመጀመሪያ ልጆቿን ታሳድጋለች። ሌሎች ውጭ ወጥተው ማደን ስላለባቸው ካልተመገቡ ይሞታሉ። ላሲየስ አምብራተስ ደግሞ ጥገኛ ናት፤ የሌላ ዝርያ ጎጆ ገብታ ካልነገሠች ብቻዋን ጎጆ አትመሠርትም። ላሲየስ ኒጀር መስላው ቱቦ ውስጥ የዘጋባት ሰው ወራት ቢጠብቅ ሠራተኛ አያይም።

የእኛው ገብረ ጉንዳን፣ ማለትም ዶሪለስ፣ ከዚህ ሥርዓት ውጭ ነው። ንግሥቲቱ በዓለም ካሉት ጉንዳኖች ሁሉ ከትልልቆቹ ተርታ ብትሆንም ዕድሜ ልኳን ክንፍ የላትም፤ ለብቻዋም አትወጣም። በሌሊት አምፑል ላይ የሚጋጨው ሆደ ረጅም ነፍሳት ወንዱ ነው፤ ተርብ መስሏቸው የሚሸሹት ብዙ ናቸው።

አብዛኞቹ የመለያ ሰንጠረዦች የተሠሩት ለሠራተኞች በመሆኑ ንግሥት ብቻ ይዞ እስከ ዝርያ መድረስ ብዙ ጊዜ አይቻልም። ላሲየስ ፕላቲቶራክስ እንኳ እንደ ራሱ ዝርያ ከላሲየስ ኒጀር ተለይቶ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው፤ የሚለያዩትም በጥቃቅን ፀጉር ነው። ስለዚህ ጥንቁቅ ሰው ቱቦው ላይ «ሜሶር፣ ዝርያው ገና» ብሎ ቀኑንና ቦታውን ይጽፋል፤ የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች ሲፈለፈሉ አጉሊ መነጽሩን እንደገና ያነሣል።