የሕፃናት ኮንቬንሽን ወረዳ ፍርድ ቤት ድረስ ይወርዳል?

«ዓለም አቀፍ ስምምነት የመንግሥታት ጉዳይ ነው፤ እኔ ለያዝኩት ክርክር ምን ይፈይዳል?»

ይህን ብሎ መብቱን ሳይጠይቅ የሚቀር ባለጉዳይ ብዙ ነው። ሕገ መንግሥቱ ግን በአንቀጽ 9(4) ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል።

አንድ ጉዳይ ላንሳ። እናቱ የሞተችበትን ልጅ አክስቱ አሳደገችው። ለዓመታት ዞር ብሎ ያላየው አባት ሞግዚት፣ ማለትም በሕግ የልጁ ኃላፊ፣ ልሁን ብሎ መጣ። የሥር ፍርድ ቤቶች «እናት ከሞተች ሞግዚቱ አባት ነው» የሚለውን የቤተሰብ ሕግ ይዘው ፈረዱለት። አክስት እጅ አልሰጠችም፤ የበታች ፍርድ ቤቶችን የሕግ ስህተት እስከሚያርመው ፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት ድረስ ሄደች። ችሎቱ በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 ውሳኔውን ሻረ። ኢትዮጵያ ያጸደቀችውን የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን እና ስለ ሕፃናት መብት የሚናገረውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 ጠቅሶ፣ የልጁ ደህንነት ይቅደም አለ። ይህን ፍርድ እወደዋለሁ። አባት መሆን ብቻውን ልጅ ለመረከብ እንደማይበቃ በግልጽ አስቀምጧል። የሰበር ትርጉም ደግሞ የበታች ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ የተጠቀመው ያ ልጅ ብቻ አይደለም።

«ሙሉ ቃሉ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ካልወጣ ዳኛ አይቀበለውም»

ይህ ከመሬት የተነሳ ወሬ አይደለም። አዋጅ 3/1987 ፍርድ ቤቶች በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ የወጣን ሕግ እንዲቀበሉ ያዛል። የማጽደቂያ አዋጅ ግን ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ ስምምነቱ ጸድቋል ብሎ ያበቃል። ሰበር ይህ ሳያግደው ኮንቬንሽኑን ሥራ ላይ አውሏል። ፈተናው ሌላ ነው፤ ዳኛው ጽሑፉን ካላገኘው እንዴት ይጥቀሰው? ስለዚህ በክስዎ ወይም በመልስዎ ላይ አንቀጹን በቁጥር ይጥቀሱ፤ ኮፒውንም ያያይዙ። «ዓለም አቀፍ ሕግ ይደግፈኛል» ብሎ ማለፍ ውሃ አያነሳም።

«ስምምነት ከሕገ መንግሥቱ ይበልጣል»

አይበልጥም። አንቀጽ 9(1) የበላዩ ሕግ ሕገ መንግሥቱ ነው ይላል።

«ሰበር ላይ ከተረታሁ ለአፍሪካ ፍርድ ቤት ይግባኝ እላለሁ»

አይችሉም። አሩሻ፣ ታንዛኒያ ያለውን ይህን ፍርድ ቤት ያቋቋመውን ፕሮቶኮል ኢትዮጵያ ፈረመች እንጂ አላጸደቀችም። ባንጁል፣ ጋምቢያ ያለው የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ግን አቤቱታ ይቀበላል፤ መጀመሪያ የአገር ቤቱን መንገድ መጨረስ አለብዎት። እዚያ የሚከሰሰው መንግሥት ነው እንጂ የረታዎት ሰው አይደለም። ኮሚሽኑም የሰበርን ፍርድ አይሽርም፤ መንግሥት በደሉን እንዲያርም ምክረ ሐሳብ ይሰጣል።