«ስንት ዋት ልግዛ?» እና ሌሎች ስለ ርካሽ ስትሮብ የሚወሩ የተሳሳቱ ነገሮች

ስትሮብ (የስቱዲዮ ፍላሽ መብራት) ልገዛ ነው ምከረኝ ብሎ የሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳው «ስንት ዋት ልግዛ?» የሚለውን ነው። ምን ዓይነት ፎቶ እንደሚሰራ አይናገርም፣ ክፍሉ ጠባብ ይሁን ሰፊ አይናገርም፣ ሶፍትቦክስ (ብርሃኑን የሚያለሰልሰው በጨርቅ የተሸፈነ ሳጥን) ነገር ትዝም አይለው፣ ቁጥሯን ብቻ። ከዛ ያለውን ገንዘብ አሟጦ ትልቁን ቁጥር ይገዛና ትንሽ ቆይቶ «ፎቶዬ ለምን እንደዚህ ሆነ» ብሎ ይመለሳል። በጣም ስለሰለቸኝ አንዴ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

ስትሮብ ላይ የተጻፈው 200፣ 400፣ 600 ዋት አይደለም፣ ዋት ሰከንድ ነው። ካፓሲተሩ (ኤሌክትሪኩን የሚያጠራቅመው ክፍል) ውስጥ የሚጠራቀመውን ጉልበት ነው የሚነግራችሁ እንጂ ሰውዬው ፊት ላይ የሚያርፈውን ብርሃን አይደለም። ፊት ላይ የሚያርፈው በሪፍሌክተሩ፣ በሶፍትቦክሱ ጨርቅና በርቀቱ ይወሰናል። ያንኑ 200 አንዴ በብረት ሪፍሌክተር አንዴ ድርብ ጨርቅ ባለው ሶፍትቦክስ ተኩሱት፣ ልዩነቱ ሁለት ስቶፕና ከዛም በላይ ሊሆን ይችላል (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ እጥፍ ወይ ግማሽ ሲሆን ነው)፣ የተጻፈው ቁጥር ግን ያው 200 ነው።

ደግሞ ቁጥሩ እጥፍ ሲሆን የምታገኙት አንድ ስቶፕ ብቻ ነው። ከ200 ወደ 400 አንድ ስቶፕ፣ ከ200 ወደ 600 አንድ ተኩል ገደማ፣ በቃ። አንድ ስቶፕ ማለት አይኤስኦን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከ100 ወደ 200 ማድረግ ማለት ነው፣ አሁን ባሉት ካሜራዎች እሱን ልዩነት ፎቶው ላይ የሚያይ ሰው የለም። ወይ መብራቱን ጠጋ አድርጉት፤ ከ2 ሜትር ወደ 1 ሜትር ስታመጡት ወደ ሁለት ስቶፕ ታገኛላችሁ፣ ብርሃኑም ይለሰልሳል፣ ምንም ሳትከፍሉ።

ትልቅ ቁጥር አይጎዳም የሚለኝ ሰው አለ። ይጎዳል እንጂ! ፖርትሬት የሚሰራ አንድ ጎበዝ ልጅ 600 ገዛ። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ መብራቱን ሰውዬው ፊት 1 ሜትር ላይ ነው የሚያቆመው፣ የሚፈልገው ደግሞ በ85 ሚሊ ሜትር ሌንሱ ኤፍ 2 ላይ (የሌንሱን ቀዳዳ በጣም ከፍቶ) ባክግራውንዱን ብዥ አድርጎ ማንሳት ነው። ስትሮቡን እስከ መጨረሻው፣ የሙሉ ኃይሉ 1/16 ድረስ ዝቅ አድርጎታል፣ አይኤስኦው 100 ነው፣ ፊቱ ግን ተቃጥሎ ግንባርና አፍንጫው ነጭ ሆኖ ይወጣል። ላይት ሜትሬን (የብርሃን መለኪያዬን) ሰውዬው ፊት ጋ ያዝኩና ተኮስን፣ ኤፍ 8 አለ። አራት ስቶፕ ትርፍ ማለት ነው። ልጁ በመጨረሻ ብርሃን የሚቀንስ ኤንዲ ፊልተር ገዝቶ ነው የተገላገለው፣ ከፍሎ ያመጣውን ብርሃን እንደገና ከፍሎ ሌንሱ ላይ ጨለማ ለጠፈበት። ስለዚህ ከፍተኛውን ብቻ ሳይሆን ዝቅተኛውንም ጠይቁ። 600ው 1/16 ላይ 37 ተኩል ዋት ሰከንድ ነው፣ እስከ 1/32 የሚወርድ 200 ግን 6 ምናምን ይደርሳል፣ ለጠባብ ክፍል የሚያስፈልጋችሁ እሱ ነው። ለአንድ ሰው ፖርትሬት ከ200 እስከ 300 ይበቃል። 400 እና 600 የሚያስፈልገው ብዙ ሰው አሰልፋችሁ ከሩቅ ስታበሩ፣ በጣም ትልቅ ሞዲፋየር (ሶፍትቦክስ፣ ጃንጥላ የመሳሰለ) ስትጠቀሙ ወይ ውጪ ከፀሐይ ጋር ስትታገሉ ነው።

ከዚሁ የዋት ነገር የሚመጣ ሌላ ስህተት፣ «300 ዋት ኤልኢዲ ገዛሁ፣ ከ300 ስትሮብ ጋር እኩል ነው አይደል?» አይደለም፣ አይቀራረብም። 300 ዋት ኤልኢዲ ሸተሩ 1/200 ሰከንድ ተከፍቶ ሲዘጋ የሚሰጣችሁ 1.5 ዋት ሰከንድ ነው፣ ስትሮቡ ግን 300ውን በሙሉ በዛች ቅጽበት ይለቀዋል። ኤልኢዲ ያገኘውን ኃይል ወደ ብርሃን በመቀየር ይሻላል፣ እሺ በሦስት አባዙለት፣ አሁንም ስድስት ስቶፕ ያህል ይቀረዋል። ለቪዲዮ ኤልኢዲ ግዙ፣ ለፎቶ ስትሮብ።

ስትሮቡ ላይ ያለውን ሞዴሊንግ ላይት (ሳያቋርጥ የሚበራውን ትንሽ አምፖል) አብርቶ «ይሄማ ደብዛዛ ነው» ብሎ የሚመልስ ሰው ሁሉ አይቻለሁ። እሱ ጥላው የት እንደሚወድቅ ማሳያ ነው፣ ፎቶውን የሚያነሳው ሌላ ቱቦ ነው።

ፎቶው ግማሹ ጥቁር ከሆነ ስትሮቡ አልተበላሸም፣ ሸተሩ ፈጥኖባችሁ ነው፣ ሸተር ስፒዳችሁን ወደ 1/200 ወይም ካሜራችሁ ወደሚፈቅደው ሲንክ (ከፍላሽ ጋር አብሮ የሚሰራበት ከፍተኛ ፍጥነት) መልሱት።

«ሃይ ስፒድ ሲንክ የሌለው አይገዛም» ይባላል፣ ከሲንኩ በላይ በፈጠነ ሸተር እንድትተኩሱ የሚያደርገው ማለት ነው። ለውጪ ስራ ልክ ነው፣ ስቱዲዮ ውስጥ ግን 1/200፣ ኤፍ 8፣ አይኤስኦ 100 ላይ የክፍሉ መብራት ቀድሞውኑ ጠፍቷል፣ ምኑን ልታጠፉበት ነው? ደግሞ ስትጠቀሙበት የስትሮቡን ኃይል በጣም ይበላል።

«ርካሽ ስትሮብ ብርሃኑ ይደርቃል» የሚባለው ውሸት ነው። ልስላሴ የሚመጣው ከብርሃኑ ምንጭ ስፋትና ቅርበት ነው፣ ውድ ስትሮብም በባዶው ከተተኮሰ ጥላው ቢላ ነው። ለዛ ነው ከስትሮቡ ቀንሳችሁ 90 ወይ 120 ሴንቲ ሜትር ኦክታቦክስ (ስምንት ጎን ያለው ሶፍትቦክስ) እና የማይንቀጠቀጥ ስታንድ ግዙ የምለው። ሶፍትቦክሱ ስትሮቡ ላይ የሚገጠምበት መያዣ ቦወንስ ማውንት ይሁን፤ ቦወንስ የሚባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ2017 ተዘግቷል፣ ማውንቱን ግን እነ ጎዶክስን ጨምሮ ብዙ አምራች ስለሚጠቀምበት ነገ ስትሮብ ብትቀይሩ ሶፍትቦክሱ ይከተላችኋል። ሦስት መብራት ያለው ርካሽ ኪት ከምትገዙ አንድ ደህና መብራትና ብርሃን መመለሻ ነጭ ፎም ቦርድ ይሻላችኋል።

«ፍላሽ ሁሉንም እንቅስቃሴ ያቆማል» ይህም በግማሽ ነው። ሻጮች ብዙ ጊዜ የሚጽፉት ቲ 0.5 የሚባለውን (ብልጭታው ከግማሽ ኃይሉ በላይ የሚቆይበትን ጊዜ) ነው፣ እንቅስቃሴ ለማቆም የሚያስፈልገው ቲ 0.1 (ከአንድ አስረኛ በላይ የሚቆይበት) ደግሞ ሦስት እጥፍ ገደማ ይረዝማል፣ 1/800 የተባለው 1/270 አካባቢ ሆነ ማለት ነው፣ የሚዘል ሰው እጁ ይሳባል። አይጂቢቲ (ብልጭታውን መሃል ላይ የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ) ያለው ስትሮብ ኃይሉ ሲቀንስ ብልጭታው ያጥራል፣ ብዙዎቹ ርካሾች ግን በተቃራኒው ይረዝምባቸዋል። ዳንስ ወይ የሚረጭ ውሃ ለማንሳት ካሰባችሁ ይሄን ሳትጠይቁ አትግዙ።

ከመግዛታችሁ በፊት የምትሞክሩት ነገር፦ ኃይሉን ሳትነኩ ነጭ ግድግዳ ላይ ደጋግማችሁ ተኩሱ፣ ከዛ ፎቶዎቹን ደርድራችሁ ሂስቶግራሙን (የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየውን ግራፍ) እዩ። አንዱ ደመቅ አንዱ ጨለም ካለ ተዉት፣ ኤዲቲንግ ላይ ያስለቅሳችኋል። ያገለገለ አሮጌ ስትሮብ ከሆነ ደግሞ በገመድ ቀጥታ ካሜራ ላይ አትሰኩት፣ አንዳንዶቹ የትሪገር ቮልቴጃቸው (በገመዱ ወደ ካሜራው የሚመጣው) ከ200 ቮልት በላይ ስለሆነ ካሜራውን ያቃጥላሉ፣ በሬዲዮ ትሪገር ተኩሱት፣ ትሪገሩም ያን ቮልቴጅ እንደሚችል አረጋግጡ። ቢበላሽም ራሳችሁ እንዳትከፍቱት፣ ካፓሲተሩ ከሶኬት ተነቅሎም ሰው የሚገድል ቮልቴጅ ይዞ ይቆያል።