ሚክስድ ኢቨንት ምንድን ነው?

ሐሙስ ዕለት ሂርማታ ገበያ ገብቶ የማያውቅ የጅማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ትከሻ ለትከሻ እየተጋፉ ነው የሚኬደው። እስቲ ያን ሁሉ ሕዝብ ከላይ ሆናችሁ አንድ ፎቶ አንሱትና፣ ከፎቶው ብቻ ተነስታችሁ ስንት ባልና ሚስት አብረው እንደመጡ ንገሩኝ። ጎን ለጎን የቆሙትን መቁጠር አያዋጣም። ማር ተራ ላይ ተጠጋግተው የቆሙት ሁለቱ ጭራሽ ላይተዋወቁ ይችላሉ።

የከባድ አዮን ግጭት፣ ማለትም የከባድ አተሞች አስኳሎች ሲላተሙ የሚሆነውን፣ የሚያጠኑ ሰዎች ራስ ምታትም ይሄው ነው። ስዊዘርላንድና ፈረንሳይ ድንበር ላይ ባለው የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል፣ ሰርን፣ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእርሳስ አስኳሎችን ወደ ብርሃን ፍጥነት በተጠጋ ፍጥነት እያላተሙ ነው። ፊት ለፊት በደንብ ከተላተሙ ከአንድ ግጭት ብቻ በሺዎች የሚቆጠሩ ቅንጣቶች ይረጫሉ። ከነሱ መሀል ፋይ ሜሶን የምትባለውን እንፈልግ። ፋይ ራሷ አትታይም። ሴኮንድን ለቢሊዮን አካፍሉ፣ የወጣውን እንደገና ለቢሊዮን አካፍሉ፤ ዕድሜዋ ከዚያም ያንሳል። መሣሪያው ጋ ሳትደርስ ትፈርስና፣ ግማሽ ያህሉን ጊዜ አንድ ፖዘቲቭና አንድ ኔጌቲቭ ካኦን (ከሷ የቀለለ ሌላ ቅንጣት) ትታ ታልፋለች። የምናየው ልጆቹን ብቻ ነው። ከልጆቹ ኢነርጂና ሞመንተም የእናትየውን ማስ እናሰላለን፤ 1.019 ጂኢቪ (የቅንጣት ማስ የሚለካበት አሃድ) አካባቢ ከመጣ፣ ፋይ ልትሆን ትችላለች።

«ትችላለች» ያልኩት ወድጄ አይደለም። 100 ፖዘቲቭና 100 ኔጌቲቭ ካኦን ካለ 10,000 ጥንድ ይወጣዋል። የአንድ እናት ልጆች የሆኑት ጥቂት ናቸው፤ ሌላው ሁሉ ማር ተራ ላይ የተገጣጠመ ነው።

ሚክስድ ኢቨንት፣ ማለትም የተለያዩ ግጭቶችን ቅንጣቶች ማጣመር፣ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። የዚህን ሐሙስ ወንዶች ከባለፈው ሐሙስ ሴቶች ጋር አጣምሩ። እነዚህ አብረው ሊመጡ አይችሉም፣ መቀራረባቸው ንጹህ አጋጣሚ ነው፤ ግን ማር ተራውም መግቢያውም ያው ስለሆነ የግፊያው መልክ አልተለወጠም። በግጭቱም ፖዘቲቩን ከአንዱ፣ ኔጌቲቩን ከሌላው ግጭት ትወስዳላችሁ። በየማሱ ስንት ጥንድ እንደወጣ የሚያሳይ ግራፍ ስትስሉ፣ የአንድ ግጭት ጥንዶች ግራፍ 1.019 ላይ ጉብታ አለው፣ የሚክስዱ ግን የለውም። ከጉብታው ራቅ ባለ ቦታ ሁለቱን ግራፎች እኩል አድርጋችሁ ሚክስዱን ከዋናው ስትቀንሱ፣ ፋይ ብቅ ትላለች።

ለእኔ ሙያው ያለው መቀነሱ ላይ ሳይሆን አጣማሪ ግጭት መምረጡ ላይ ነው። የበዓል ሰሞን ሐሙስን ዶፍ ከወረደበት የክረምት ሐሙስ ጋር ብታጣምሩ ሂሳቡ ይበላሻል። በደንብ የተላተመ ግጭትም ጫፍ ለጫፍ ከተነካካ ጋር አይደባለቅም። ግጭቶቹ የተፈጠሩበት ቦታም መቀራረብ አለበት፣ መሣሪያው ሁሉንም አቅጣጫ እኩል አያይማ።

እንዲያም ሆኖ ትንሽ ቅሪት ይተርፋል። ከአንድ ጄት (ወደ አንድ አቅጣጫ ተጠጋግቶ ከሚረጭ የቅንጣቶች ጅረት) አብረው የወጡ ካኦኖች ባልና ሚስት ባይሆኑም፣ ከአንድ ሰፈር በአንድ ባጃጅ እንደመጡ ጎረቤታሞች ናቸው፤ የባለፈው ሐሙስ ሴት ስትመጣ ይሄ ጉርብትና ስለሚጠፋ በሚክስዱ ውስጥ አይታይም። ያቺን ቅሪት ለብቻዋ በቀመር ገምተው ያወጧታል፤ ፋይ የሚቆጠረው ከዚያ በኋላ ነው።