ስለ አንዲት የገጠር ባፕቲስት አጥቢያ ታሪክ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከእንጦጦ ጀርባ፣ በሱሉልታ ሜዳ ዳርቻ፣ ግድግዳዋ ጭቃ፣ ክዳኗ ቆርቆሮ የሆነ አንዲት ትንሽ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን አለች። እኔም አባሏ ነኝ። ሽማግሌዎቿ ታሪኳ ተጽፎ እንዲቀመጥ ከወሰኑ ወዲህ የአባላት መዝገቧን ሳገላብጥ፣ በሕይወት ያሉትን አረጋውያን ስጠይቅ ቆይቻለሁ። በለቅሶ ቤት፣ በታክሲ፣ በገበያ ስለ እሷ የሚነገረውና መዝገቡ የሚለው ብዙ ጊዜ አይገናኝም። የሚነገረው ሲጨመቅ «መጤ ናት» ነው። መዝገቡ ግን ያቆሟት የዚሁ ሰፈር ገበሬዎች፣ ወተት ሻጮችና እንጨት ተሸካሚ ሴቶች መሆናቸውን ይመሰክራል።

«ባፕቲስትን የመሠረተው መጥምቁ ዮሐንስ ነው»

ይህን ከውጭ ሰው ይልቅ ከራሳችን አባላት አፍ ነው አብዝቼ የሰማሁት። ዮሐንስ በዮርዳኖስ ንስሐ የገባውን ሕዝብ አጠመቀ እንጂ ቤተ እምነት አልመሠረተም። ባፕቲስት የተባለው ወገን የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1609 በአምስተርዳም ነው። ከእንግሊዝ ተሰደው እዚያ የነበሩ ጥቂት ሰዎች፣ በጆን ስማይዝ መሪነት፣ ጥምቀት አምኖ ለሚጠይቅ ሰው ነው ብለው አንድ ጉባኤ አቆሙ። ከመካከላቸው ቶማስ ሄልዊስ ወደ ለንደን ተመልሶ በእንግሊዝ ምድር የመጀመሪያውን የባፕቲስት ጉባኤ መሠረተ። ይኸው ሰው ንጉሥ በሰው ነፍስ ላይ ሥልጣን የለውም፣ አይሁዳዊም ሆነ ሙስሊም በእምነቱ ምክንያት በመንግሥት ሊቀጣ አይገባም ብሎ ጻፈ፤ እስር ቤትም ገባ። ልጆቻችን ስለ ባፕቲስት አጀማመር አንድ ነገር ብቻ የሚማሩ ከሆነ ይህን ቢማሩ ደስ ይለኛል። ለራሱ ብቻ ሳይሆን ለሌላውም ነጻነት የጠየቀ ሰው ነው።

«ፈረንጅ ያመጣት ናት»

እዚህ ላይ እውነት የሆነውን አልክድም። አሜሪካውያን የባፕቲስት ሚሲዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1950 ወደ ኢትዮጵያ ገብተዋል። እ.ኤ.አ. በ1967 የመጡት ሌሎች ደግሞ በመንዝ የልማት ሥራ ሠርተዋል። ዛሬ ብርሃነ ወንጌል፣ አማኑኤል፣ አዲስ ኪዳን በሚሉ ስሞች የምናውቃቸው የባፕቲስት አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ በአገሪቱ የባፕቲስት ታሪክ ውስጥ የሚሲዮናውያኑ ድካም ድርሻ አለው።

ነገር ግን ሕጉን እንይ። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮን ደንብ አገሪቱን በሁለት ከፈላት፤ አንዱ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ፣ ሌላው ክፍት አካባቢ። አዲስ አበባ ክፍት ተባለች። የኦርቶዶክስ አማኝ በሚበዛበት አካባቢ ሚሲዮን በፈቃድ ሕክምናና ትምህርት ሊሰጥ ይችላል እንጂ የራሱን እምነት መስበክ አይችልም ነበር። እንግዲህ ከእንጦጦ ወዲያ ላለው ገበሬ ወንጌልን ማን ሊያደርስ ይችላል? ከተማ ወርዶ የሚመለስ የአገሩ ሰው ነው።

በእኛ ዘንድ የሆነውም ይኸው ነው። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ፣ ድርቆሽ በአህያ ጭኖ ሽሮ ሜዳ የሚያወርድ አንድ ወጣት ከተማ ውስጥ በአንድ የጸሎት ቤት ወንጌል ሰማ። መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ ተመለሰ። ፊደል የቆጠረው ቄስ ትምህርት ቤት ስለነበር ማንበብ አላቃተውም። ማታ ማታ በኩራዝ ለወንድሞቹና ለጎረቤቶቹ ያነብ ጀመር። አረጋውያኑ እንደሚሉት በዚያ ቤት የፈረንጅ እግር አልረገጠም። በቄስ ትምህርት ቤት የተማረው ንባብ ለዚህ መዋሉን ስጽፍ ለቄሱም ምስጋና ይገባቸዋል እላለሁ።

በሌላው የአገራችን ክፍልም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን (በተለምዶ የሱዳን ሚሲዮን) የተባለው የውጭ ወንጌላዊ ድርጅት ሰዎች በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ በ1929 ዓ.ም.፣ ወላይታን ለቀው ሲወጡ የተጠመቁት ሃምሳ አይሞሉም ነበር። ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ ወደ አሥር ሺህ የሚጠጋ አማኝ ቆያቸው። በእነዚያ ዓመታት የሰበከው፣ የተገረፈውም አገሬው ነው።

«የከተማ ሰው እምነት ነው፣ ቋንቋውም አማርኛ ብቻ»

የ1999 ዓ.ም. ሕዝብ ቆጠራ ፕሮቴስታንት ብሎ የመዘገበው በአዲስ አበባ 7.8 በመቶ፣ በኦሮሚያ 17.7 በመቶ፣ በአገር አቀፍ ደረጃ 18.6 በመቶ ነው። ከተማዋ ከክልሉም ከአገሩም በእጅጉ ታንሳለች። ቋንቋን በተመለከተ፣ ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ ያዘጋጀው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 በግዕዝ ፊደል ታትሟል። በእኛ አጥቢያ ስብከቱ በአማርኛ ሲሆን ጸሎቱ በኦሮምኛ ይመለሳል፣ በኦሮምኛም ሲሆን እንዲሁ፤ ዱሮም እንደዚያው ነበር።

«በደርግ ጊዜ ጠፍታ፣ በ1983 እንደ አዲስ ተመሠረተች»

ለዚህ ወሬ መነሻ የሆነው ራሱ መዝገቡ ነው። ከ1971 እስከ 1983 ዓ.ም. አንድም ቃል አልተጻፈበትም። ባዶውን ያየ ሰው ቤተ ክርስቲያኒቱ አልነበረችም ብሎ ይደመድማል። የአባላት ስም በወረቀት ማስፈር ግን በዚያን ጊዜ ሰዎቹን አሳልፎ መስጠት ነበር።

ዘመኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ሐምሌ 1971 የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአዲስ አበባ ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። ጥር 1974 የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተዘጋች፣ መሪዎቿም ታሰሩ። በእኛም ሰፈር የአዳራሹን ቁልፍ የገበሬ ማኅበሩ ወሰደው፤ ቤቱ የእህል መጋዘን ሆነ።

ጉባኤው ግን ወደ ጓዳ ገባ። በዚያን ጊዜ ወጣት ሚስት የነበሩ አንዲት እናት እንዳስረዱኝ፣ የሚሰበሰቡት ቡና ተጠራርተው ነው። ረከቦቱ ይዘረጋል፣ ቄጠማው ይጎዘጎዛል፣ ጀበናው ይጣዳል። አብዮት ጥበቃ ቢገባ የሚያየው ቡና የሚጠጡ ጎረቤቶች ነው። መጽሐፍ ቅዱሱ አንድ ብቻ ስለነበር ጥራዙን በጥንቃቄ ፈትተው በየወንጌሉና በየመልእክቱ ለብቻ ሰፉት። ማቴዎስ አንድ ቤት፣ ሮሜ ሌላ ቤት ይቀመጣል፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ በዱቄት ዕቃ ውስጥ። በየወሩ ይቀያየራሉ። መዝሙር አይዘመርም፤ ግጥሙን አንዷ በለሆሳስ ትላለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። «አቦል ላይ እናነባለን፣ ቶና ላይ እንጸልያለን፣ በረካ ሳይወጣ እንበተናለን» አሉኝ።

በ1983 መጨረሻ ቁልፉ ሲመለስ መጀመሪያ የተደረገው ስም መመዝገብ ነው። ያ ዝርዝር ከመዘጋቱ በፊት ከነበረው በእጥፍ ይበልጣል። እንደ አዲስ የተመሠረተች ቤተ ክርስቲያን በአንድ ሳምንት ይህን ያህል አባል ከየት ታመጣለች? በመሠረተ ክርስቶስም የታየው ተመሳሳይ ነው፤ ስትዘጋ 5,000 ገደማ የነበሩት አባላቷ በአሥር ዓመት ግድም ወደ 34,000 ደርሰው ነው የወጡት።

«መሬቱ በዶላር ተገዛ»

የገጠር መሬት የካቲት 1967 በታወጀው አዋጅ የሕዝብ ሀብት ከሆነ ወዲህ አይሸጥም አይለወጥም፤ የአሁኑም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ይህንኑ ደግሟል። ስለዚህ በማንም ገንዘብ ሊገዛ አይችልም ነበር። አንድ ገበሬ ከደረሰው ይዞታ ጥግ ለቆ ሰጠ። ማገሩና ወጋግራው ከአባላት ባሕር ዛፍ ተቆረጠ፣ ጭቃውን ከጭድ ጋር ሴቶቹ አቦኩት። የመዋጮው ገጽ እንቁላል፣ ድርቆሽ፣ ኩበት፣ አንድ ቅርጫት ድንች ይላል። ከውጭ የመጣ ነገር የተጻፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አዲስ አበባ ያለች እኅት አጥቢያ ለክዳኑ ቆርቆሮ ሰጥታለች።

«ትእዛዝ የሚመጣላቸው ከላይ ነው»

የባፕቲስት አሠራር በተቃራኒው ነው። እያንዳንዱ አጥቢያ በራሱ ይቆማል። መጋቢውን የሚጠራው፣ ዲያቆናቱን የሚመርጠው፣ አባል የሚቀበለውም ሆነ የሚያሰናብተው የአባላቱ ጉባኤ ነው። ከሌሎች አጥቢያዎች ጋር ኅብረት ይኖራል፤ ኅብረቱ ግን አዛዥ አይደለም።

የመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ከላይ አንድ አጭር ቃል ኪዳን አለ፤ በአንድ ጌታ ማመናቸውን፣ አንዱ የሌላውን ሸክም እንደሚሸከም ይናገራል። ከሥሩ ከፊርማ ይልቅ የሚበዛው ሐምራዊ የጣት አሻራ ነው። ከእያንዳንዱ አሻራ አጠገብ ስሙን የጻፈው ያው ድርቆሽ ነጋዴ ነው፤ የእጅ ጽሑፉ ይታወቃል። የሴቶቹ አሻራ ከወንዶቹ ጋር ተቀላቅሎ ተቀምጧል እንጂ ለብቻ አልተለየም።

አንድ ቃለ ጉባኤ ደግሞ እነሆ። ሽማግሌዎቹ በግቢው ያለው ባሕር ዛፍ ተሽጦ ድምፅ ማጉያ ይገዛ ብለው ወሰኑ። አባላቱ ተሰብስበው ክዳኑ እያፈሰሰ ድምፅ ማጉያ ምን ያደርግልናል አሉ። እጅ ተቆጠረ፤ የሽማግሌዎቹ ሐሳብ ወደቀ። ከሥሩ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው «ተስማምተናል» ብለው ፈርመዋል። እኔ ይህን ገጽ ከብዙ ስብከት አስበልጬ እወደዋለሁ።

«ጥምቀት ይደግማሉ፣ ሕፃናትን ያገላሉ»

ሕፃን ሲወለድ ወደ ጉባኤ ይመጣል፣ ይጸለይለታል፣ ወላጆቹ አደራ ይቀበላሉ። ጥምቀት የሚቆየው ራሱ አምኖ እስኪጠይቅ ነው፤ ሲጠይቅም ወራት ተምሮ በጉባኤ ፊት ይመሰክራል። በሕፃንነቱ የተጠመቀ ሰው ሲመጣ ባፕቲስቶች የሚያጠምቁት ሁለተኛ ጊዜ ነው ብለው አይደለም፤ ጥምቀት የሚሆነው ከእምነት በኋላ ነው ብለው ስለሚያምኑ ነው። ይህን የማይቀበሉ ጎረቤቶቻችን ብዙ ናቸው፤ ልዩነቱ እውነተኛ ስለሆነ መሸፋፈን አያስፈልግም። ዱሮ የሚጠመቀው ወንዝ ወርዶ ነበር፣ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ የሱሉልታ ውርጭ በሳሩ ላይ ነጭ ሆኖ ሳለ። ዛሬ ግቢው ውስጥ የሲሚንቶ ገንዳ አለ።

«ጴንጤ ሁሉ አንድ ነው»

አይደለም። መካነ ኢየሱስ ሉተራን ናት፣ ሕፃናትንም ታጠምቃለች። ሙሉ ወንጌል ከጴንጤቆስጤ መነቃቃት የወጣች ናት። መሠረተ ክርስቶስ የሜኖናውያን ወገን ናት። ባፕቲስት ከእነዚህ የሚጋራው ብዙ ነው፣ የሚለይበትም አለ።

«ከኦርቶዶክስ ጎረቤት ጋር ሁልጊዜ እንደተጣሉ ነው»

ከሁሉም ይህ ይከብዳል፤ ከፊሉ እውነት ስለሆነ። የመጀመሪያው ሟች የድርቆሽ ነጋዴው ታናሽ ወንድም ነበር። በደብሩ ግቢ የሚቀበረው የደብሩ ምእመን ስለሆነ ቦታ አላገኘም። በእርሻው ዳር ተቀበረ። በቀን ለቅሶው ላይ የተገኙት ጥቂት ናቸው። ሲመሽ ግን ጎረቤቶች አንድ በአንድ ንፍሮ ይዘው መጡ። ይህን የነገሩኝ የሟቹ ልጅ ናቸው፤ ንፍሮ ያመጡትን ሴቶች ዛሬም በስም ይጠሯቸዋል፤ ሁሉም የደብሩ ምእመናን ነበሩ።

ከዚያ የእድር ጉዳይ መጣ። አባላቱ ከእድር ይውጡ የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ለዓመታት አከራከረ። ነገሩን የፈታው የእድሩ ዳኛ ነበር፤ መተዳደሪያ ደንቡ መዋጮ የከፈለና ለቅሶ የደረሰ ይላል እንጂ ሃይማኖት አይጠይቅም ብሎ ደንቡን አስነበበ። ከዚያ ወዲህ ድንኳኑም፣ አግዳሚውም፣ ብረት ድስቱም የጋራ ነው። በእኛ ሰው ለቅሶ ወጡ በጾም ቀን ያለ ቅቤ ይሠራል፣ ጎረቤት እንዲበላ። በእነሱ ለቅሶ የእኛ ወጣቶች መቃብር ይቆፍራሉ፣ ውሃ ይቀዳሉ። ጠብ የነበረባቸው ዓመታት ነበሩ፤ አብረው የኖሩባቸው ዓመታት ግን ይበልጣሉ።

የመቃብር ቦታው ከ1983 በኋላ ከሌሎች የወንጌላውያን አጥቢያዎች ጋር በጋራ ተገኘ። አሁን ከተማው ወደ እሱ ደርሷል። ሱሉልታ በ2015 በተቋቋመው ሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃላለች፤ የእርሻ ማሳው ቪላና መጋዘን እየሆነ ነው፤ ለቤተ ክርስቲያኒቱ ጥግ የለቀቁት ገበሬ ልጆችም ካሳ ተቀብለው ወጥተዋል። አጥቢያዎቹ የመቃብሩ ወሰን በካርታ እንዲረጋገጥላቸው ማመልከቻ አስገብተዋል። ከማመልከቻው ጋር የተያያዘው ማስረጃ የመዝገቡ ቅጂና የእድሩ ደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤውን የፈረሙት የአሁኑ የእድር ዳኛ የደብሩ ሰንበቴ ማኅበር አባል ናቸው።